የጉንፋን ክኒን ጠባቂው

እኔ ጉንፋን ሲጫወትብኝ ነው የሰነበተው። አፍንጫዬ ታፍኖ፣ ዓይኔ እንባ አዝሎ፣ ድምፄም የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ… አዲስ አበባ ብሆን እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አንድ ነገር ታደርገኝ ነበር። እዚህ ፖርትላንድ (ኦሪገን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ያለች ከተማ ናት) ዳማከሴ ከየት ይምጣ? እየተንቀጠቀጥኩ መድኃኒት ቤት ሄድኩና የጉንፋን ክኒን ጠየቅኩ።

«መታወቂያ?» አለችኝ ሻጯ።

ሰጠኋት። ስሜንና አድራሻዬን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች። «እዚህ ጋ ፈርም» አለችኝ፤ ፈረምኩ። ይህ ሁሉ ለአንድ ፓኬት የጉንፋን ክኒን ነው እንግዲህ! ቦታ የተመራሁ ነው የመሰለኝ።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ እንዲያውም ትሕትናዋ ደስ ይላል። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ የምቆመው እኔ ነበርኩ። መታወቂያ የምጠይቀው፣ የማስፈርመው፣ የሰው ዓይን እያየሁ ጉንፋናሙን ከሱሰኛው እለያለሁ የምለው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የማወጋችሁም አንድ ምሽት እዚያ ቆሜ ስለሠራሁት ሥራ ነው።

* * *

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክኒኑ ውስጥ ሱዶኤፌድሪን የሚባል፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ከሜትአምፌታሚን የሚለየው በአንዲት ኦክስጅን ብቻ ነው። አዎ፣ «ሜት»፣ «አይስ»፣ «ክሪስታል» እየተባለ ከሚጠራው ዕፅ። «ብሬኪንግ ባድ»ን ያያችሁ ኬሚስትሪ አስተማሪውን ታስታውሱታላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በየገጠሩ፣ በየጓዳውና በየጋራዡ የጉንፋን ክኒን እየገዛ ይህንን ዕፅ የሚያበስለው ሰው በዛ። ቤት ይፈነዳል፤ ሕፃናት በእሳትና በመርዝ ይጎዳሉ። በ2004 ብቻ በመላ አገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ የማብሰያ ቦታዎችና ቅሪቶቻቸው ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት ኦክላሆማ ክኒኑን ከመደርደሪያ አንስታ ከባንኮኒ ኋላ አስቀመጠችው። በማርች 2006 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አገር አቀፉን ሕግ ፈረሙ። በሕጉ መሠረት አንድ ሰው በቀን ከ3.6 ግራም በላይ፣ በ30 ቀን ውስጥም ከ9 ግራም በላይ መግዛት አይችልም። መታወቂያ ያሳያል፤ መዝገብ ላይም ይፈርማል። የእኛዋ ኦሪገን እንዲያውም ባሰችና በዚያው በ2006 «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጭራሽ አይሸጥም» አለች።

ታዲያ ከፖርትላንድ ተነስታችሁ የኮሎምቢያን ወንዝ በድልድይ ከተሻገራችሁ ቫንኩቨር ትደርሳላችሁ። የካናዳዋ አይደለችም፤ ዋሽንግተን ግዛት ያለችው ናት። እዚያ የሐኪም ትእዛዝ አያስፈልግም፤ መታወቂያና ፊርማ ይበቃል። ስለዚህ በብርዱ ወራት የኦሪገን ጉንፋናም እያስነጠሰ ድልድዩን ይሻገር ነበር። እኔም መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥራ ያገኘሁት ከድልድዩ ማዶ ነው።

ሥልጠና ሰጡኝ። ሕጉን በቃሌ ያዝኩት። ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ዕፅ ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው» አልኳት። እናቴም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ፖሊስ ሆነ» ብላ አረፈችው። ሳቅኩ እንጂ አላረምኳትም። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ትንሽ ፖሊስ ፖሊስ ይለኝ ጀምሮ ነበር።

* * *

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ስሙን አልነግራችሁም። አዲስ አበባ ያደግነው አንድ ሠፈር ነው፤ ፖርትላንድ ስንገናኝ እሱም እኔን «ሠፈር» ይለኛል፣ እኔም እሱን «ሠፈር» እለዋለሁ። ስለዚህ እዚህም ሠፈር ይባል።

ሠፈር ቀን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። የሁለት እህቶቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚልከው እሱ ነው። የአባቱ የኩላሊት ሕክምናም እሱ ትከሻ ላይ ነበር። «ይኼ ልጅ ሁለት ሰው ነው» እንል ነበር በአድናቆት። ሁለት ሰው ለመሆን ግን የአንዱን ሰው እንቅልፍ መሸጥ ግድ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

ዩኒቨርሲቲ እያለን የፈተና ሰሞን ጫት ይዘን እናነጋ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን ዘመድ ነው። አሜሪካኖቹም በ1993 ሄሮይን ካለበት መደብ አስገብተውታል። ዘመድ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው አይገናኝም። የጫት ምርቃና በሰዓታት ያልቃል፣ ሜት ግን ሰውን ሌት ተቀን ያቆማል። ያን ያህል አቁሞት ሲለቀው ደግሞ የሚጥልበት አወዳደቅ ሌላ ነው።

ሠፈር የመጋዘን ባልደረባው «ለእንቅልፍ ጥሩ ነው» ብሎ ሲሰጠው፣ እንደ ፈተና ሰሞን ምርቃና ነበር ያየው። ይህንን የነገረኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ዕፅ ከጥንትም የሚፈለገው ለዚሁ ነበር። ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ በ1893 ሠራው። በ1938 ጀርመን ውስጥ «ፐርቪቲን» በሚል ስም ለገበያ ወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ወታደሩ እንዳይተኛ ታደለው። ጃፓንም ለወታደሮቿና ለፋብሪካ ሠራተኞቿ ሰጠችው። ጦርነቱ ሲያልቅ በመጋዘን የተረፈው ወደ ገበያ ፈሰሰና ከተሞቿን አጥለቀለቀ፤ በ1951 የሚያግድ ሕግ አወጣች። እንግዲህ ይህን ዕፅ ጭፈራ ቤት ብቻ የምትፈልጉት ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መተኛት ያልተፈቀደለት ሰው ዘንድ ነው።

ሠፈር እየከሳ መጣ። ጥርሱን ያፋጫል። የግማሽ ሰዓት ወሬ በአምስት ደቂቃ ያወራላችኋል። አንድ የልጅ ልደት ላይ መስኮት መስኮቱን እያየ «ያ መኪና ከጠዋት ጀምሮ እየተከተለኝ ነው» አለ። ሁላችንም ሰማን። ሁላችንም ሰሃናችን ላይ አቀረቀርን። አንዱ «ሥራ በዝቶበት ነው» አለ፤ ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች። እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቄ ነበር። ሥልጠና ወስጄ የለ? አውቄም ዝም አልኩ። ሰው ምን ይላል? ደግሞስ «ዕፅ ትወስዳለህ ወይ?» ተብሎ የሠፈር ልጅ ይጠየቃል?

* * *

ጃንዋሪ 2019፣ አንድ ማክሰኞ ምሽት። ዝናቡ አያባራም። ሠፈር በሻርፕ ተጠቅልሎ ገባ። አፍንጫው ቀልቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ሠፈር፣ ያቺን የአፍንጫ ክኒን ስጠኝ እስቲ፤ ልሞት ነው» አለኝና መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

አስገባሁት። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ሠፈር ከዚያ በፊት አንድም ፓኬት ገዝቶ አያውቅም፤ ስለዚህ «ሽጥ» ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ግራም ነው። እኔ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የበለጠ አውቃለሁ አልኩ።

«ለአንተ አልሸጥም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሥራ ቦታዬ ድረስ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዘህብኝ አትምጣ። ከፈለግክ ያንን መደርደሪያ ላይ ያለውን ውሰድ።»

በአማርኛ ስለሆነ ማንም አይሰማንም ብዬ ነበር። ለካ ከኋላው አንዲት የአገራችን እናት ቆመዋል፤ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ። ሠፈር ዞር ብሎ አያቸው። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ጉንፋን እኮ ነው፣ ሠፈር» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። መታወቂያውን አንስቶ ወጣ።

«ምን አድርጎ ነው ልጄ?» አሉኝ እናታችን።

«ምንም፣ እማማ» አልኩ። አነጋገሬ ግን «ብዙ ነገር» የሚል ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ያልሰማ ሰው አልነበረም። በወሩ የሠፈር ስልክ መሥራት አቆመ። የተከራየውንም ክፍል ለቆ ሄደ።

ያን ምሽት ቤቴ ስገባ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኩራት። አልዋሻችሁም። ሕጉን ከሕጉ በላይ ጠብቄያለሁ ብዬ ነው የተኛሁት።

* * *

ከሳምንታት በኋላ ለአለቃዬ፣ ለሽማግሌው ፋርማሲስት ነገርኩት። እንዲያመሰግነኝ ጠብቄ ነበር። መነጽሩን አውልቆ አየኝና «ዛሬ ደግሞ ከክኒን የሚያበስል ማን አለ?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ የየጓዳው ማብሰያ ወደቀ፤ በ2007 ቁጥሩ ከ2004ቱ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ቢያንሰራራም በ2019 ከአንድ ሺህ በታች ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ የተነሳ ያልተቃጠሉ ልጆች አሉ። ንግዱ ግን አልሞተም፤ አድራሻ ቀየረ። ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ ውስጥ በትልልቅ ማምረቻዎች ይሠራ ጀመር። በማርች 2007 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከዕፁ መነሻ ኬሚካል ንግድ ጋር በተያያዘ አንድ መኖሪያ ቤት ሲፈተሽ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ። ሜክሲኮም በተራዋ በ2008 ሱዶኤፌድሪንን አገደች። አምራቾቹ ምን አደረጉ? ክኒን ጭራሽ የማያስፈልገው ሌላ ዘዴ ያዙ። «ብሬኪንግ ባድ» ላይ እንኳ ጀግኖቻችን ክኒን መልቀሙን የተዉት ገና በመጀመሪያው ሲዝን ነበር እኮ!

የሚያሳዝነው ከዚህ ይቀጥላል። አዲሱ ዕፅ ከጓዳው የበለጠ የጠራ፣ ከጓዳውም የረከሰ ሆነ፤ በምርመራ ሲታይ ጥራቱ ከ90 በመቶ በላይ ነው። በ2019፣ ማለትም እኔ ሠፈርን በመለስኩበት ዓመት፣ በአብዛኛው ሜት በሆኑ አነቃቂ ዕፆች ከመጠን በላይ መውሰድ ጋር በተያያዘ አሜሪካ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2021 ከ32 ሺህ በላይ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ላይ ፌንታኒልም ተቀላቅሎ ነበር። ማብሰያው ጠፋ፣ ሬሳው በዛ።

ኦሪገንም በጃንዋሪ 2022 የሐኪም ትእዛዙን አነሳች። ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ድልድይ ሳልሻገር የፈረምኩት።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ሠፈርን «ያንን ውሰድ» ያልኩት መደርደሪያ ላይ ያለው ክኒን ፌኒልኤፍሪን ይባላል። ሱዶኤፌድሪን ከባንኮኒ ኋላ ሲገባ የተተካው እሱ ነው። በሴፕቴምበር 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች ተሰብስበው ማስረጃውን መረመሩና፣ ሲዋጥ የታፈነ አፍንጫ አይከፍትም ብለው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። እንግዲህ ለታመመ ጓደኛዬ ያቀረብኩለት ብቸኛው ነገር የማይሠራ ክኒን ነበር።

* * *

በ2024 የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ካሊፎርኒያ ነው።

«ሠፈር!» አለኝ።

ቃል አጣሁ። እሱ ነበር ወሬውን የያዘው። ከፖርትላንድ ከወጣ በኋላ ስለሆነው ሁሉ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። መኪናው ውስጥ ያደረበት ጊዜ እንደነበር ነገረኝ። ዕፁን ለማግኘት ግን አንድ ቀን እንኳ ክኒን እንዳላስፈለገው እየሳቀ ነገረኝ። «አንድ የስልክ ጥሪ ነበር ሠፈር! ከምሳ ይረክሳል እኮ!»

አሁን ሕክምና ላይ ነው። ለሜት ሱስ እስካሁን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት የለም። በጥናት ተደጋግሞ ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ያሳየው ዘዴ ስትሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ሽልማት ነው። ካሊፎርኒያ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በምትሰጠው የጤና መድን በኩል ከ2023 ጀምሮ ትሞክረዋለች። ሰውየው መጥቶ የሽንት ምርመራ ይሰጣል። ንጹሕ ከሆነ የስጦታ ካርድ ይሰጡታል። ሲጀመር 10 ዶላር ነው፤ ሳያቋርጥ ንጹሕ ሲሆን ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በዓመት እስከ 599 ዶላር ይደርሳል። ከወደቀ ያን ቀን ካርድ የለም። ግን አይባረርም፤ «በሚቀጥለው እንጠብቅሃለን» ይባላል።

«በ10 ዶላር ነው ሱስ የሚተወው?» አልኩት። አፌ አያርፍም።

«ዶላሩ አይደለም» አለኝ። «በሳምንት ሁለቴ፣ መምጣቴን የሚጠብቅ ሰው አለ። ስቀርም ያውቃሉ፤ ስመጣም ያውቃሉ። ንጹሕ ስሆን ደስ የሚለው ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ አያለሁ። ሠፈር፣ እኔ እኮ ለዓመታት ሲያየኝ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።»

ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ነገ ምን እንደሚሆን እሱም አይምልም፣ እኔም አልምልላችሁም።

በመጨረሻ ያቺን ማክሰኞ አነሳኋት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ቀን በእውነት ጉንፋን ነበር። ‹ምን ሆነሃል?› ብትለኝ ሁሉን እነግርህ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ምናልባት ሰድቤህ እወጣ ነበር። ግን የጠየቀኝ የለም። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ማንም አልጠየቀኝም።»

* * *

ቁጥጥር አያስፈልግም ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ መጻፌ። ያስፈልጋል። ባለፈው ሳምንትም መታወቂያዬን በደስታ ነው ያሳየሁት። ግን ዕቃን መቆጣጠር ቀላሉ ሥራ ነው። ዕቃ አይናደድም፣ አያፍርም፣ አይሰድብም። አዲስ አበባ ላይ ፖሊስ የሺሻ ዕቃ ሰብስቦ ሲያቃጥል በቴሌቪዥን ስንቴ አይተናል! ዕቃው ይነዳል፣ ካሜራው ይቀርጻል። ያቺን ዕቃ ይዞ ሲውል የነበረው ልጅ ግን በማግስቱ የት እንደዋለ የሚጠይቅ ዜና አይቼ አላውቅም። ክምሩን ሳይጠብቅ አጥሩን እንደሚያጥር ሰነፍ ገበሬ ሆንን። እኔም ሳጥር የከረምኩት አጥር ነው። ክኒኗን በመዝገብ፣ በፊርማና በኮምፒውተር ጠበቅኳት። የሠፈሬን ልጅ ግን በአንድ «ምን ሆነሃል?» እንኳ አልጠበቅኩትም። ክኒኗ በሰላም መደርደሪያዋ ላይ አደረች፤ እሱ ግን መኪና ውስጥ።

ሁላችሁም የምታውቁት ሰው አለ። የከሳ፣ ስልክ ማንሳት የተወ፣ ስለ እሱ ስታወሩ ድምፃችሁን ዝቅ የምታደርጉለት። «ሥራ በዝቶበት ነው» ያላችሁለት። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ደውሉለት። ቢሰድባችሁም ደውሉለት።

እኔ አሁን ክኒኔን ውጬ ልተኛ ነው። ነገ ሠፈር የምርመራ ቀኑ ነው፤ ከሰዓት እደውልለታለሁ። ካርዱን አገኘም አላገኘም።

ቸር ይግጠመን!